በስድስት ኪሎ ግቢ ባለ ብዙ ጣቢያ የጂኦካሺንግ ፍለጋ እንዴት ይዘጋጃል?

ጂኦካሺንግ አንድ ሰው ደብቆ ያስቀመጠውን ሣጥን በጂፒኤስ እየተመሩ ፈልጎ የማግኘት ጨዋታ ነው። ያገኘው ሰው በሣጥኑ ውስጥ ባለው መዝገብ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ፣ ሣጥኑን ለሚቀጥለው ፈላጊ በነበረበት ቦታ ይመልሰዋል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. አቆመ፤ በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው የምልክቱን ትክክለኛነት ለመፈተን በኦሪገን ግዛት አንድ ባልዲ ደብቆ መገኛውን በኢንተርኔት አሳወቀ፤ ጨዋታውም ከዚያ ተነሥቶ በዓለም ተሰራጨ። ባለ ብዙ ጣቢያ የሚባለው ዓይነት ከተራው የሚለየው ለተጫዋቹ የሚሰጠው ኮኦርዲኔት (የቦታ መገኛ ቁጥር) የሣጥኑ ሳይሆን የመጀመሪያው ጣቢያ በመሆኑ ነው። ተጫዋቹ በየጣቢያው ጥያቄ መልሶ ወይም ፍንጭ አንብቦ የሣጥኑን መገኛ አኃዝ በአኃዝ ያሟላል።

የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ የተመቸ ነው፤ በእግር የሚዳረስ፣ መኪና የማይበዛበት፣ የሚነበብና የሚቆጠር ነገር የሞላበት ስለሆነ። ይህ መመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የስድስት ኪሎ ግቢ በምሳሌነት ይወስዳል። ግቢው ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆነ። የቤተ መንግሥቱ ሕንፃ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምንና ሙዚየሙን ይዟል፤ ከደጁም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት፣ እያንዳንዱ እርከን አንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት እንዲወክል የታሰበው ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል፤ ከጫፉም የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትና ራስ መኮንን አዳራሽ በዚያው ግቢ ናቸው፤ ከበሩ ውጭ ባለው አደባባይ ደግሞ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይገኛል። በሌላ ግቢ የሚያዘጋጅ ሰው የቦታዎቹን ስም ብቻ ቢለውጥ ሥራው ያው ነው።

ፈቃድ

ሥራው የሚጀመረው ከሣጥኑም ከጥያቄውም ሳይሆን ከደብዳቤ ነው። የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ መታወቂያ ሳያሳዩና ሳይፈተሹ የሚገቡበት ቦታ አይደለም። ቁጥቋጦ ሥር የተሸጎጠ ባለቤቱ ያልታወቀ ሣጥንም በጥበቃ ዓይን ሲታይ ጨዋታ አይመስልም። ስለዚህ አዘጋጁ የጨዋታውን ዓላማ፣ የሚቆይበትን ጊዜ፣ የጣቢያዎቹን ዝርዝርና የሣጥኑን ትክክለኛ ቦታ ከነፎቶግራፉ ለግቢው አስተዳደር በጽሑፍ አቅርቦ ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ ይቀበላል፤ ግልባጩም ለጥበቃ ክፍል እንዲደርስ ያደርጋል። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ፈቃዱን የሰጠው ሰው ዕረፍት የወጣ ዕለት ዋጋ ያጣል።

ግልባጩ መድረሱ ብቻ ግን አይበቃም። ጥበቃው በፈረቃ ስለሚሠራ የጠዋቱ ፈረቃ ያወቀውን የማታው ላያውቅ ይችላል። ከጥበቃዎቹ እኩል፣ ምናልባትም ይበልጥ፣ ሊነገራቸው የሚገባው አትክልተኞችና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው፤ እነርሱ በየቀኑ ከአጥር ሥር ከሣር መሐል ቆሻሻ የሚለቅሙ ሰዎች በመሆናቸው ምንነቱን ካልነገሯቸው የፕላስቲክ ሣጥን ዕድሜ አጭር ነው። ሄዶ ሣጥኑን ማሳየት፣ ከፍቶ ውስጡን ማስመልከትና ስልክ ቁጥር መተው ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

በየካቲት 12 ሐውልት ላይም ሆነ በዙሪያው ምንም ነገር መደበቅ አይገባም። ሐውልቱ በ1929 ዓ.ም. ለተጨፈጨፉት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መታሰቢያ የቆመ ነው፤ በዚያ ላይ አደባባዩን መኪና ይዞረዋል። ተጫዋቹ ሐውልቱን አይቶ አንድ ነገር እንዲያውቅ ማድረግ ከተፈለገ ከእግረኛ መንገድ ላይ ሆኖ የሚመለስ ጥያቄ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ተጫዋቹ በድንጋዩ ዙሪያ እጁን እየሰደደ የሚዳብስበት ጨዋታ ግን ቦታው አይደለም። ለቤተ መንግሥቱ ሕንፃና ለጠመዝማዛው ደረጃም ይኸው ጥንቃቄ ይሠራል፤ እነዚህ የሚታዩ እንጂ የሚነካኩ ጣቢያዎች አይደሉም።

ሰንሰለት ወይስ ስብስብ

ጣቢያዎችን ማያያዣው መንገድ ሁለት ነው። በሰንሰለቱ መንገድ የአንዱ ጣቢያ መልስ ወደ ሚቀጥለው ይመራል፤ ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ስለማያውቅ ጉጉቱ ከፍ ያለ ነው። በስብስቡ መንገድ የሁሉም ጣቢያዎች መገኛ ገና ከመነሻው ይሰጣል፤ ተጫዋቹ በፈለገው ቅደም ተከተል እየዞረ ከየጣቢያው አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ይለቅማል፤ አኃዞቹ ሲሟሉ የመጨረሻው ነጥብ ይወጣል።

ብዙዎች ሰንሰለቱን ይመርጣሉ፤ ለግቢ ግን ስብስቡ ይሻላል ባይ ነኝ። በግቢ ውስጥ አንድ መንገድ ለጥገና ይዘጋል፣ አንድ ሰሌዳ ይነሣል፣ በአንድ አዳራሽ ደጅ ስብሰባ ይሆናል፤ ሰንሰለት ከሆነ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ጨዋታው በሙሉ ይቆማል። በስብስቡ መንገድ ግን ስድስት አኃዝ ከሚፈልግ ተጫዋች አንዱ ቢጎድልበት ሌሎቹን ይዞ ሊገምት ይችላል። በአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ብዙ ቡድን በአንድ ጊዜ የሚሰማራ ከሆነም በስብስቡ መንገድ ቡድኖቹን ከተለያየ ጣቢያ ማስነሣት ስለሚቻል በጠመዝማዛው ደረጃ ሥር ሠላሳ ሰው አይሰለፍም። ጉጉቱን ለማቆየት አራቱን ጣቢያ ለስብስብ ሰጥቶ የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ በሰንሰለት ማያያዝ ይበቃል፤ ይኸውም ስብስቡ ወደ አንድ ነጥብ አድርሶ፣ እዚያ ያለው ፍንጭ ደግሞ ወደ ሣጥኑ እንዲልክ ነው።

ይህች የመጨረሻ እርምጃ በአቅጣጫና በርቀት የምትሰጥ ከሆነ ርቀቷ አጭር ይሁን። የስልክ ኮምፓስ ብረት ባለበት ሕንፃ አጠገብ በቀላሉ ይስታል። የአምስት ዲግሪ ስሕተት በ80 ሜትር ላይ 7 ሜትር ያህል ያሳስታል፤ በ200 ሜትር ላይ ግን ከ17 ሜትር በላይ ስለሚሆን ተጫዋቹን ከትክክለኛው ዛፍ አሳልፎ ሌላ ዛፍ ሥር ያንበረክከዋል።

አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ

ጨዋታውን የሚያበላሸው ከባድ ጥያቄ ሳይሆን ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ጠመዝማዛውን ደረጃ እንውሰድ። “ደረጃው ስንት እርከን አለው?” ብሎ መጠየቅ ቀላልና ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ተጫዋች ከመሬቱ ጋር የተያያዘውን መሠረት እንደ አንድ ይቆጥራል፣ ሌላው አይቆጥርም፤ አንዱ አንበሳው ያረፈበትን ጫፍ ይጨምራል፣ ሌላው ይተወዋል። ሁለቱም በትክክል ቆጥረው በአንድ አኃዝ ሊለያዩ ይችላሉ። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት “ከታች መሬቱን ሳይጨምሩ፣ አንበሳው የቆመበትን ጨምረው” በሚል ዓይነት ነው፤ አዘጋጁም ራሱ ከሁለት ሰው ጋር ተለያይቶ ቆጥሮ ሦስቱ ካልተስማሙ ያን ጥያቄ ይተወዋል። የእርከኑን ቁጥር እዚህ ያልጻፍኩት አውቄ ነው፤ ተጫዋቹ በቦታው ተገኝቶ ከታች ቆሞ እንዲቆጥር እንጂ ከስልኩ እንዲፈልግ አይፈለግም። ከታች ሆኖ መቁጠር የሚቻል መሆኑም ደረጃ መውጣት ለማይችል ተጫዋች ይጠቅማል።

ዓመተ ምሕረትን የሚጠይቅ ጥያቄ በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1929፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1937 ነው፤ የትኛው እንደሚፈለግ ካልተነገረ የመጨረሻው አኃዝ 9 ወይም 7 ይሆናል። በግእዝ ቁጥር የተቀረጸ ጽሑፍ ከተገኘ ደግሞ ከማንኛውም ጥያቄ የተሻለ ነው፤ ፲፱፻፳፱ን አንብቦ 1929 ማለት ለአንዳንዱ ተማሪ ቀላል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ከባድ እንቆቅልሽ ስለሆነ፣ የመልሱን አንድነት ሳያጠፋ ፈተናውን ያጠነክራል። ሰዓትን የሚመለከት ጥያቄም ቢሆን በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ መገለጽ አለበት።

ለጥያቄ የሚመረጠው ነገር የሚቆይ መሆን ይኖርበታል። በድንጋይና በብረት ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ፣ የዓምዶች ብዛት፣ የበር መዝጊያ ክፍሎች ቁጥር ይቆያሉ። የቀለም ጽሑፍ፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ የቢሮ ቁጥርና የወንበር ብዛት አይቆዩም። የሕንፃና የተቋም ስምም አያስተማምንም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከአብዮቱ በኋላ ስሙን ለውጧል። መልሱ ከሙዚየሙ ወይም ከቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚገኝ ጥያቄም መቅረት አለበት፤ አንዱ የመግቢያ ክፍያና የሥራ ሰዓት አለው፣ በሌላው ደግሞ የሚያጠና ሰው ተቀምጧል።

ፊደልን ወደ አኃዝ መለወጥ

አኃዝ የማይገኝበትን ቦታ ጣቢያ ለማድረግ ከፊደላችን የተሻለ መሣሪያ የለም። እያንዳንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ ስላለው ግዕዙን 1፣ ካዕቡን 2፣ ሣልሱን 3፣ ራብዑን 4፣ ኃምሱን 5፣ ሳድሱን 6፣ ሳብዑን 7 ብሎ መሰየም ይቻላል። በዚህ መሠረት “ሰላም” የሚለው ቃል ሰ ግዕዝ፣ ላ ራብዕ፣ ም ሳድስ በመሆኑ 146ን ይሰጣል። በአንድ ሰሌዳ ላይ የተጻፈን ቃል ጠቁሞ “የፊደላቱን ተራ ጻፉ” ማለት ብቻ ይበቃል፤ ሀ ሁ ሂ ያጠና ሁሉ በጣቱ እየቆጠረ ይፈታዋል።

በዚህ መንገድ 8፣ 9 እና 0 አይገኙም፤ ነገር ግን መደመር ችግሩን ያስወግደዋል። የሣጥኑ ኬክሮስ፣ ማለትም የመገኛው የሰሜን–ደቡብ ቁጥር፣ በ832 የሚያልቅ ከሆነና በሰሌዳው ላይ ያለው ቃል 146 ከሰጠ “በተገኘው ላይ 686 ደምሩ” ይባላል። ስለዚህ አዘጋጁ ቃሉን ለቁጥሩ ሲል መፈለግ የለበትም፤ በግቢው ያገኘውን ቃል ይወስድና ልዩነቱን ያሰላል።

አደጋው ያለው በአጻጻፍ ልዩነት ላይ ነው። “ሰላም” በሠ ቢጻፍም ተራው አይለወጥም። “ሀገር” እና “አገር” ሁለቱም 116 ይሆናሉ። “ሃገር” ተብሎ ከተጻፈ ግን ሃ ራብዕ ስለሆነ 416 ይመጣል፤ ይህ የ300 ልዩነት ደግሞ በመሬት ላይ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ተጫዋቹ ቃሉን በሐሳቡ ይዞ ሄዶ በኋላ በራሱ አጻጻፍ ሊጽፈው ስለሚችል፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ እና ዐ የሚገቡበትን ቃል መተው ወይም “በሰሌዳው ላይ እንደተጻፈው” የሚል ማሳሰቢያ መጨመር ያሻል።

ኮኦርዲኔቱን መለካትና መጻፍ

በጂኦካሺንግ የተለመደው አጻጻፍ ዲግሪንና አስርዮሻዊ ደቂቃን ይጠቀማል። ለምሳሌ ሰሜን 9° 02.820፣ ምሥራቅ 38° 45.540 ተብሎ የተጻፈ ነጥብ ስድስት ኪሎ አካባቢ ይወድቃል። ብዙ የስልክ ካርታዎች ግን በአስርዮሻዊ ዲግሪ ይሠራሉ፤ እዚያ ያው ነጥብ 9.04700፣ 38.75900 ነው። ተጫዋቹ ልዩነቱን ሳያውቅ 9.02820፣ 38.45540 ብሎ ቢያስገባ ካርታው ወደ ደቡብ 2 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ አርቆ ከከተማው ያስወጣዋል። ስለዚህ በመነሻው ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ጣቢያ በሁለቱም አጻጻፍ ቢሰጥና ደቂቃውን ለ60 አካፍሎ ከዲግሪው ጋር መደመር እንደሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ ብዙ እንግልት ይቀራል።

በአዲስ አበባ የደቂቃው የመጨረሻ አኃዝ፣ በኬክሮስም በኬንትሮስም (በምሥራቅ–ምዕራቡ ቁጥር)፣ ወደ 1.8 ሜትር ያህል ማለት ነው። ሰማዩ ግልጽ በሆነበት ቦታ የተለመደ ስልክ በ5 ሜትር አካባቢ ስሕተት ይለካል፤ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥርና በግድግዳ ጥግ ስሕተቱ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ምልክቱ በቅጠል ይደክማል፣ ከግድግዳም ይነጥራል። በሣጥኑ ቦታ ላይ ስልኩን ይዞ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም፣ ንባቡ ሲረጋ መመዝገብ፣ በሌላ ቀንና በሌላ ስልክ ደግሞ መለካትና አማካዩን መውሰድ ይገባል። ስልኩን እንዳበሩ የሚታየው የመጀመሪያ ቁጥር አይታመንም።

ተጫዋቹ ስሌቱን እንዲያረጋግጥ የመቆጣጠሪያ ድምር ይሰጠዋል። የመጨረሻው ነጥብ አኃዞች 832 እና 540 ከሆኑ ስድስቱ ሲደመሩ 22 ይሆናሉ፤ ተጫዋቹ ሌላ ድምር ካገኘ ወደ ጣቢያው ተመልሶ ያያል። ድምሩ 832ን 823 ብሎ የገለበጠን ሰው ስለማይዝ “የኬክሮሱ የመጨረሻ አኃዝ ተጋማሽ (ለ2 እኩል የሚካፈል) ቁጥር ነው” የሚል ሁለተኛ ማረጋገጫ ቢታከል መልካም ነው።

ሣጥኑና መደበቂያው

ክዳኑ በጎማ የሚገጥምና ውኃ የማያስገባ የምሳ ዕቃ ይበቃል። ውስጡ የሚያሳይ ከሆነ ያገኘው ጥበቃ ሳይከፍተው ምንነቱን ያያል፤ በክዳኑም ላይ “የተማሪዎች የፍለጋ ጨዋታ ነው፤ አደገኛ ነገር የለውም” የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከአዘጋጁ ስልክ ጋር ይለጠፋል። መዝገቡ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ከእርሳስ ጋር ይቀመጣል፤ እስክሪብቶ በርጥበት ይደበዝዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ሣጥኑ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ምግብ፣ ስለት፣ ክብሪትና መድኃኒት አይገቡበትም፤ ምግብ ጉንዳንና አይጥ ይጠራል።

ለመደበቅ መሬት አይቆፈርም፣ ዛፍ ላይ ምስማር አይመታም፣ ከቅርስ ግድግዳ ድንጋይ አይነቀልም። ጥሩ መደበቂያ መንገደኛ የማያየው፣ ፈላጊ ግን ሁለት እርምጃ ተጠግቶ እጁን ሲዘረጋ የሚያገኘው ነው። መሰላል ወይም ወደ ጉድጓድ መውረድ የሚፈልግ ቦታ፣ ከኤሌክትሪክ ሳጥን ወይም ከውኃ ቧንቧ አጠገብ ያለ ቦታ፣ የቢሮ መስኮት ሥር ያለ ቦታ ይቀራል። የመኝታ ክፍሎች አካባቢም እንዲሁ፤ ማንም ሰው መስኮቱ ሥር እንግዳ ሲያጎነብስ ማየት አይወድም።

ጨዋታው በዓለም አቀፉ የጂኦካሺንግ ድረ ገጽ ላይ እንዲወጣ ከተፈለገ መጨረሻው ላይ መዝገብ የያዘ እውነተኛ ሣጥን መኖር አለበት። ሣጥኑ ከሌላ ጨዋታ ሣጥን ወይም ዕቃ ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ ይኖርበታል፤ ቢያንስ ሦስት ወርም እንዲቆይ ይጠበቃል። ይህ የርቀት ገደብ ጥያቄ ብቻ ያለባቸውን ጣቢያዎችም ሆነ የአንድን ጨዋታ ጣቢያዎች እርስ በርስ አይመለከትም። ለአንድ ቀን የክበብ ዝግጅት ግን ድረ ገጹ አያስፈልግም፤ የመነሻ ወረቀት ማባዛት በቂ ነው።

ሙከራና እንክብካቤ

ከማስጀመር በፊት ስለ ግቢው ብዙ የማያውቅ አንድ ሰው ወረቀቱን ይዞ እንዲዞር ይደረጋል፤ አዘጋጁም ከኋላው እየተከተለ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ያያል። ለማስረዳት አፉን የከፈተበት ቦታ ሁሉ ወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር ያለበት ቦታ ነው። አምስት ጣቢያ ያለው ፍለጋ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ከወሰደ አንዱን ጣቢያ መቀነስ ይሻላል።

በፈተና ሰሞን፣ በምረቃ ቀንና ግቢው ውስጥ አለመረጋጋት ባለበት ጊዜ ጨዋታው ይታገዳል፤ ማታም አይካሄድም። በመነሻው ወረቀት ላይ ጥበቃ ከጠየቀ ምንም ሳይደብቁ ማስረዳትና ደብዳቤውን ማሳየት እንደሚገባ ይጻፋል፤ የደብዳቤው ቅጂም ለየቡድኑ ይሰጣል። ሣጥኑ የሚቆይ ከሆነ አዘጋጁ በወር አንድ ጊዜ፣ በክረምት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ይጎበኘዋል፤ የረጠበ መዝገብ ይለውጣል፤ ያለቀ እርሳስ ይተካል፤ የጣቢያዎቹ ጽሑፍ አለመቀየሩንም ዞሮ ያያል። አዘጋጁ ተመርቆ የሚሄድ ከሆነ ኃላፊነቱን ለሌላ ተማሪ በስም ያስረክባል፤ የክዳኑንም ስልክ ቁጥር ያስቀይራል። ተረካቢ ከሌለ ሣጥኑ ይነሣል፣ ከድረ ገጹም ይሰረዛል፤ መነሣቱም ፈቃዱን ለሰጠው ክፍልና ለጥበቃው በጽሑፍ ይነገራል።